የግድግዳ ሽበት፦ አልጌና ሻጋታ ቤታችንን ከውጪ እንዴት ይበሉታል?

መስከረም እንደጠባ እናቴ ከጎንደር ደወለችልኝና "ልጄ፣ ቤቱ ሸብቷል" አለችኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እሷ ግን አልሳቀችም። "በጓሮ በኩል አረንጓዴ ሆኗል፤ ከሥሩ ደግሞ ጠቁሯል። ትናንት ማታ ልስኑ ተገምሶ ወደቀና እንስራዬን ሰበረው" ብላ ጨመረችበት።

ሄጄ አየሁት። ቤቱ የእንጨትና የጭቃ ነው፤ ክዳኑ ቆርቆሮ ነው። እናቴ በዓል በደረሰ ቁጥር ግድግዳውን በአፈርና በእበት ስትለቀልቀው ነው ያደግሁት። ከሰባት ዓመት በፊት ግን በራሴ ገንዘብና በራሴ ውትወታ ከላይ እስከ ታች በሲሚንቶ አስለሰንኩት፤ ቀለምም አስቀባሁት። "ከእንግዲህ ከመለቅለቅ ተገላገልሽ" ብዬም ነበር። የሰፈሩ አንድ አዛውንት ግንበኛ መጥተው ልስኑን በጣታቸው አንኳኩ። ባዶ ድምፅ ሰጠ። "ስማ ልጄ፣ ይህን ቤት እኮ አፍነኸዋል" አሉኝ።

እሳቸው በአንድ ቃል የጨረሱትን ነገር እኔ ለመረዳት ብዙ ማንበብና ብዙ ግድግዳ እየዞርኩ ማየት ነበረብኝ። ያገኘሁትን ለአንባብያን ማካፈል የፈለግሁት የእኔ ስህተት የብዙዎቻችን ስህተት መሆኑን በማየቴ ነው።

ለመሆኑ እነማን ናቸው?

በእኛ አነጋገር ግድግዳ ላይ የሚበቅለው ሁሉ "ሻጋታ" ወይም "ሽበት" ይባላል። በእርግጥ ግን አራት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ የሚያደርሱት ጉዳትም ይለያያል።

አንደኛው አልጌ ነው፤ የትምህርት ቤት መጻሕፍት ዋቅላሚ የሚሉት። ሥርም ቅጠልም የለውም። ምግቡን ከብርሃን ስለሚሠራ ከግድግዳው የሚፈልገው እርጥበትና ትንሽ አቧራ ብቻ ነው። ብዙ ጊዜ አረንጓዴ ነው፤ ብርቱካናማ የሚሆንም አለ። በድንጋይና በሲሚንቶ ላይ ከላይ ወደ ታች እንደ ቀለም የሚወርደው ጥቁር መስመር ደግሞ በአብዛኛው ሳይኖባክቴሪያ የሚባለው የአልጌ መሰል ተህዋስ ሥራ ነው። ጥቁረቱ ከኃይለኛ ፀሐይ የሚከላከልበት ጥላው ነው።

ሁለተኛው ሻጋታ ነው። ሻጋታ ፈንገስ ስለሆነ ምግቡን ራሱ አይሠራም፤ የተሠራ ይፈልጋል። የቀለም ማጣበቂያ፣ እንጨት፣ በጭቃ ውስጥ ያለ ጭድ፣ ግድግዳ ላይ የተጣበቀ አቧራ ሁሉ ለእሱ ምግብ ነው። በቀለም ላይ እንደ አመድ ብናኝ የሚታየው ስሱ ሻጋታም የዚሁ ወገን ነው።

ሦስተኛው የድንጋይ ሽበት ነው። ይህ አንድ ፍጥረት ሳይሆን ፈንገስና አልጌ ተጋብተው የመሠረቱት ቤት ነው። ፈንገሱ መጠለያና ውኃ ያቀርባል፤ አልጌው ምግብ ያበስላል። በድንጋይ ላይ ክብ ክብ ሆኖ፣ ግራጫ፣ ነጭ ወይም ቢጫ መስሎ ይታያል። እድገቱ እጅግ ዝግ ያለ ነው፤ በዓመት ጥቂት ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያም ያነሰ ነው።

አራተኛው በአጥር አናትና በስንጥቅ ውስጥ እንደ ምንጣፍ የሚለሰልሰው አረንጓዴ ተክል ነው። ውኃ እንደ ስፖንጅ ይይዛል። እሱ ባለበት አፈር ይጠራቀማል፤ በአፈሩ ላይ ሣር ይበቅላል፤ በመጨረሻም ወፍ የጣለችው የዛፍ ፍሬ ሥር ይሰድዳል።

ለምን በእኛ አገር?

የጎንደር ከተማ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ወደ አምባ ጊዮርጊስ፣ ዳባትና ደባርቅ ሲወጡ ከፍታው ይጨምራል፤ ብርዱና ጉሙም እንዲሁ። ዝናቡ በዓመቱ ውስጥ ተመጣጥኖ የሚወርድ ሳይሆን ከሰኔ እስከ መስከረም፣ ይልቁንም በሐምሌና በነሐሴ የሚከመር ነው። ግድግዳው አንዱን ዝናብ ሳያደርቅ ሌላው ይደርስበታል። ሻጋታም ሆነ አልጌ የሚፈልገው ይህንኑ ነው። ወሳኙ የወረደው ዝናብ ብዛት ብቻ ሳይሆን ግድግዳው ሳይደርቅ የሚቆይበት ጊዜ ነው።

አውሮፓ ውስጥ የተጻፉ የቤት አያያዝ መጻሕፍት "በሰሜን በኩል ያለውን ግድግዳ ጠብቁ" ይላሉ። እኛ ጋ ነገሩ ትንሽ ይለያል። ጎንደር ከምድር ወገብ ብዙም ስለማትርቅ ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ የቀትር ፀሐይ ያዘነበለችው ወደ ሰሜን ነው። ከዚያ በኋላ ወደ ደቡብ ትሻገራለች። ስለዚህ ክረምቱ ሲወጣ፣ ደቡብን የሚያይ ግድግዳ ፀሐይ አግኝቶ ሲደርቅ፣ ሰሜንን የሚያየው ርሶ እንደቆየ ጥላ ውስጥ ይቀራል። የእናቴ ጓሮ ወደ ሰሜን ነው የሚያየው።

ጉዳቱ በቤቱ ዓይነት ይለያያል

የጭቃ ቤት። የጭቃ ግድግዳ እርጥበት ይጠጣል፤ ፀሐይ ሲወጣ ደግሞ መልሶ ይተፋል። ይህ ድካሙ ሳይሆን ጤናው ነው። በሲሚንቶ ሲለሰን ግን ይህ መተንፈሻው ይደፈናል። ሲሚንቶ ከጭቃ ጋር በደንብ አይያያዝም፤ ጭቃው ሲያብጥና ሲሸሽ ልስኑ ይሰነጠቃል። በስንጥቁ የገባው ውኃ መውጫ ያጣል። ስንጥቁን ተከትሎ አልጌ ይበቅላል፤ አልጌው ራሱ እርጥበት ይይዛል። በውስጥ በኩል ደግሞ ጭዱ ይሻግታል፤ ቋሚውና ማገሩ መበስበስ ይጀምራል። እንጨት የሚያበሰብሱ ፈንገሶች በደረቅ እንጨት ላይ አይሠሩም፤ በእንጨቱ ውስጥ ያለው እርጥበት ከ20 በመቶ በላይ ሆኖ ሲቆይ ግን ሥራቸውን ይጀምራሉ። የዱሮ ቤቶች ቋሚ ጥድና ወይራ ስለነበር ቶሎ አይበገርም ነበር። የዛሬው ባሕር ዛፍ ግን ያን ያህል አይችልም። ምስጥም ቢሆን እርጥብ እንጨት ይወዳል።

የድንጋይ ቤት። የድንጋይ ሽበት ክሮች በድንጋዩ ቀዳዳ ውስጥ ይገባሉ። ሲረጥቡ ያብጣሉ፤ ሲደርቁ ይኮማተራሉ፤ በዚህ መሳብና መልቀቅ ጥቃቅን ቅንጣቶችን ይነቅላሉ። ኦክሳሊክ የሚባለውን ጨምሮ አሲዶችም ያመነጫሉ። ጠንካራው ጥቁር ድንጋይ ይህን ለረጅም ዘመን ይቋቋማል። ቶሎ የሚሸነፈው በድንጋዮቹ መካከል ያለው ኖራ ነው።

ልስንና ቀለም። ሻጋታ የቀለሙን ማጣበቂያ ይመገባል፤ አልጌ ደግሞ እርጥበት ይዞ ያቆየዋል። ቀለሙ ያብጣል፣ ይቆረፈዳል፣ ይላጣል። ባልደረቀ ግድግዳ ላይ የዘይት ቀለም መቀባት እርጥበቱን ከውስጥ መቆለፍ ነው።

ቆርቆሮና በር። በቆርቆሮ ላይ የተከማቸ ቅጠልና ሽበት ርሶ ስለሚቆይ የዚንክ ሽፋኑ ያልቃል፤ ዝገት ይከተላል። የእንጨት በርና መስኮት የሚጀምረው ከታችኛው ጠርዝ ነው፤ ውኃ የሚያርፈው እዚያ ነውና።

ጉዳቱ ቤት ላይ ብቻ አይቆምም። ከውጪ የገባ እርጥበት ውስጥ ይደርሳል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው መመሪያ እርጥበትና ሻጋታ ያለበት ቤት አስምንና ሌሎች የመተንፈሻ ችግሮችን እንደሚያባብስ አስታውቋል። እናቴ ክረምት በመጣ ቁጥር የሚይዛትን ሳል እስከዚህ ዓመት ድረስ "የብርድ ነው" እያልን ነበር ያለፍነው።

ከፋሲል ግቢ የምንማረው

ለዚህ ነገር ትልቁ ትምህርት ቤት ከከተማችን መሀል ይገኛል። ዐፄ ፋሲለደስ እ.ኤ.አ. በ1630ዎቹ የቆረቆሩት፣ ተከታዮቻቸው የጨመሩበት፣ 900 ሜትር ርዝመት ባለው አጥር የተከበበው ፋሲል ግቢ የተገነባው በድንጋይና በኖራ ነው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1979 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. ከ1936 እስከ 1941፣ በተደረገው ጥገና ሲሚንቶ ገባበት። በኋላ የመጡት የቅርስ ባለሙያዎች ሲሚንቶው ለጥንቱ ግንብ እንደማይስማማ ተናግረው ወደ ኖራ ተመልሰዋል። ኖራ ለስለስ ያለ ነው፤ ውኃ ያስወጣል፤ ጭንቀት ሲመጣ ድንጋዩ ሳይሆን እሱ ይሰነጠቃል፤ እሱን ማደስ ደግሞ ይቻላል።

በጥምቀት ሕዝቡ በሚሰበሰብበት በፋሲል መዋኛ የዋርካ ዘመዶች ሥራቸውን በአጥሩ ላይ እንደ እባብ ጠምጥመው ይታያሉ። ቱሪስቱ ፎቶ ያነሳዋል፤ እኔም ልጅ ሆኜ ተንጠልጥዬበታለሁ። ይህ ግን በስንጥቅ ውስጥ ከጀመረች ከአንዲት ፍሬ የመጣ ነው። ሥሩ ከግንቡ ጋር ከተዋሐደ በኋላ ቁረጠው ቢሉ ግንቡም አብሮ ይናዳል። መንቀል የሚቻለው ገና ቡቃያ ሳለ ነው።

ደብረ ብርሃን ሥላሴንም ልብ ብላችሁ እዩት። ክዳኑ ከግድግዳው እጅግ አልፎ ይወጣል፤ ዙሪያውን በረንዳ አለው። የጥንት ሰዎች ግድግዳን ከዝናብ የሚያድነው ቀለም ሳይሆን ሰፊ ክዳን መሆኑን ያውቁ ነበር።

እንዴት ይለያል?

ግድግዳው ላይ ያለው ጥቁር ነገር ሻጋታ ይሁን ጥቀርሻ ካልተለየዎት አንድ ጠብታ በረኪና ያድርጉበት። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ከፈዘዘ ሻጋታ ወይም አልጌ ነው፤ ካልተለወጠ ቆሻሻ ወይም ጥቀርሻ ነው። ከግድግዳው ሥር የሚታየው ነጭ ብናኝ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሻጋታ ሳይሆን ከመሬት በእርጥበት ተስቦ የወጣ ጨው ነው። ውኃ ሲነካው ከሟሟ ጨው ነው። በሁለቱም ዘንድ ግን መነሻው እርጥበት ነው።

ምን ይደረግ?

1. መጀመሪያ ውኃውን ያስቁሙ። አሸንዳ ይስሩ፤ የተቀደደውን ይጠግኑ። የጠፈጠፉ ውኃ ከግድግዳው ርቆ እንዲሄድ ቦይ ይቆፈር። ከግድግዳው ሥር የተከመረ አፈር፣ ማገዶና ድንጋይ ይነሳ። ፀሐይና ነፋስ የሚከለክል ቅርንጫፍ ይከርከም። ይህ ሳይደረግ የሚቀባ ቀለም ገንዘብ ማባከን ነው።

2. በጥንቃቄ ይጽዳ። ሻጋታው እንዳይቦንን መጀመሪያ በውኃ ረጠብ ያድርጉት፤ አፍና አፍንጫዎን ይሸፍኑ። ለስላሳ ብሩሽ ይበቃል። የሽቦ ብሩሽና ኃይለኛ የውኃ ግፊት በጭቃና በዱሮ ድንጋይ ላይ ከሽበቱ የባሰ ጉዳት ያደርሳሉ።

3. በሲሚንቶ ልስንና በቀለም ላይ አንድ እጅ በረኪና በአሥር እጅ ውኃ በጥብጦ መጠቀም ይቻላል። ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ በደንብ ይታጠብ። በረኪናን ከኮምጣጤ፣ ከመጸዳጃ ቤት ማጽጃ አሲድ ወይም አሞኒያ ካለበት ነገር ጋር ፈጽሞ አይቀላቅሉ፤ የሚወጣው ጋዝ መርዝ ነው። በጭቃና በጥንት ግንብ ላይ በረኪና አይደረግም፤ ጨው ይተውበታል።

4. ግድግዳውን በራሱ ዘር ይጠግኑት። ጭቃውን በተብላላ ጭቃና ጭድ፣ በኖራ የተገነባውን በኖራ። የኖራ ቅብ ትኩስ ሳለ ሻጋታም አልጌም አያስጠጋም፤ ከጊዜ በኋላ ይህ ኃይሉ ስለሚደክም በየጊዜው ይታደሳል። ስስ አድርጎ ደጋግሞ መቀባት ከአንድ ወፍራም ቅብ ይሻላል። ኖራ ዓይንና ቆዳ ስለሚያቃጥል ይጠንቀቁ።

5. ጊዜ ይምረጡ። በመስከረም ለበዓል ብለን የምንቀባው ቀለም የሚያርፈው ርጥብ ግድግዳ ላይ ነው። ጥቅምትና ኅዳር ይሻላሉ።

6. ቤትዎ በቅርስነት የተመዘገበ ወይም በጥንታዊ ሕንፃ አጠገብ ያለ ከሆነ የሚመለከተውን የቅርስ መሥሪያ ቤት ሳይጠይቁ ምንም አይንኩ።

እኛ ምን አደረግን?

ጥቅምት ላይ የጓሮውን ልስን አስነቀልነው። ከሥሩ ሁለት ቋሚዎች ተገኙ፤ እግራቸው በእጅ ሲነካ እንደ ደረቅ ዳቦ ይፈረፈራል። ሌላ ሁለት ክረምት ቢቆይ እናቴ የምትተኛበት ግድግዳ ይወድቅ ነበር። ቋሚዎቹ ተቀየሩ፤ ግድግዳው በጭቃ ተመረገ፤ በኖራ ተቀባ፤ አሸንዳም ተሠራለት። አዛውንቱ ግንበኛ የእጅ ዋጋቸውን ሲቀበሉ "የእናትህን እጅ ንቀህ ነው" አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። የፊት ለፊቱ ግድግዳ ገና አልተነካም፤ በመጪው ዓመት ተራው የእሱ ነው።

አንባቢ ሆይ፣ በሚቀጥለው ኃይለኛ ዝናብ ጃንጥላ ይዘው ይውጡና ቤትዎን አንድ ጊዜ ይዙሩት። ውኃው የት እንደሚያርፍ፣ የት እንደሚረጭ፣ የት እንደሚቆም ይመልከቱ። ሽበቱ ነገ የሚበቅልበት ቦታ ያ ነው።