ፈረሰኛ በወረቀት አይፈተንም

ጥር 23 ቀን 2015 ዓ.ም. እንጅባራ ነበርኩ። ዕለቱ የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ዓመታዊ በዓል ነው። ማኅበሩ የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም. ሲሆን፣ ከጀግኖቹ ጋር ዐድዋ ድረስ ለዘመተው ፈረስ መታሰቢያ ነው። ሜዳው ላይ ሰውና ፈረስ ተቀላቅሏል። አጠገቤ የቆሙ አንድ አዛውንት፣ ገና ብቅ ያለ ወጣት ጋላቢ አዩና «ይሄ ልጅ ይቀረዋል፤ ልጓም ይጎትታል» አሉ። በቃ፣ ፈተናው አለቀ! «ፈረስ ስንት ጥርስ አለው? ኮርቻን ማን ፈለሰፈው?» ብሎ ልጁን የጠየቀው የለም።

ማታ እህቴ ቤት ስገባ የጠበቀኝ ፈተና ግን ሌላ ዓይነት ነው። ዘጠነኛ ክፍል የገባው የእህቴ ልጅ የኮምፒውተር ትምህርት ፈተናውን ይዞ በር ላይ ተቀበለኝ። ከዐሥር ዘጠኝ! ወረቀቱን አገላበጥኩት። ሲፒዩ የምን ምኅጻረ ቃል ነው? ከሚከተሉት ውስጥ የማስገቢያ መሣሪያ ያልሆነው የቱ ነው? ሁሉም በእንግሊዝኛ ነው፤ ሁሉም ምርጫ ነው።

እዚያው ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል የተከራየች የክፍል ጓደኛው አለች። ከገጠር ቀበሌ ነው የመጣችው፤ ስንቋን በየሳምንቱ ከቤተሰቦቿ ታመጣለች። እሷ ከዐሥር አራት ነው ያገኘችው። ወረቀቷን አጥፋ ደብተሯ ውስጥ ደብቃዋለች።

እኔም ነገር ፍለጋ አልለው፣ ላፕቶፔን ከነማውዙ አውጥቼ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩ። «ስማችሁን ጻፉ፤ ሴቭ አድርጉ፤ ዝጉት፤ ከዚያ መልሳችሁ አግኙት» አልኳቸው።

ባለ ዘጠኙ ማውዙን ያዘ። ጠረጴዛው ሲያልቅበት ማውዙን አየር ላይ ይዞ መቅዘፍ ጀመረ። ቀስቷ የምትሄድበት ጠፋት። ባለ አራቷ ተራዋ ሲደርስ ስክሪኑን በጣቷ ነካችው። ሳቅንባት፤ ነገር ግን የሚያስቅ አልነበረም። ለእሷ መስኮት ያለው ነገር ሁሉ ስልክ ነው። የእህቴን የቴሌብር ሂሳብ የምትልከውና የምትቀበለው እሷ ናት አሉኝ። ስክሪኑ እምቢ ሲላት ወዲያው ማውዙን አነሳች፤ አንድ ሁለቴ ተሳሳተችና ስሟን ጽፋ አስቀመጠችው። ከዘጋችው በኋላ ግን የት እንደገባ ማግኘት አቃታት። ይሄኔ ባለ ዘጠኙ «ዶኪዩመንት የሚል ፎልደር ውስጥ ይገባል ተብለናል» አለ። እውነትም እዚያ ተገኘ።

እንግዲህ ዘጠኝ ማን ነው? አራትስ ማን ነው? ወረቀቱ ለአንዱ የሌለውን እጅ ሰጠው፤ ከሌላዋ ያላትን ነጠቃት።

እኛ አገር ፈተና ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። የቄስ ትምህርት ቤትን አስቡት። ልጁ ከፊደል ወደ አቡጊዳ፣ ከዚያም እያለ ወደ ዳዊት የሚሻገረው የኔታ ፊት ቀርቦ አፉን ከፍቶ ሲያነብ ነው። «ንባብ ምንድን ነው?» ተብሎ አይጠየቅም፤ ያነባል። ከተሳሳተ እዚያው ይታረማል፤ ካልበሰለ እዚያው ይቆያል። ዳዊት ደገመ የተባለ ልጅ በእርግጥ ዳዊት ደግሟል።

የጽሕፈት መኪና የመጣ ጊዜም እንዲሁ ነበር። ኢንጂነር አያና ብሩ በ1920ዎቹ ዓ.ም. ከሁለት መቶ በላይ የሆነውን ፊደላችንን ቆራርጠውና ቀጣጥለው ለፈረንጅ ማሽን ሲያስገብሩት፣ ቀስ በቀስ አዲስ ሙያ ተወለደ፤ ታይፒስት። ታይፒስት ሲቀጠር «የጽሕፈት መኪና ክፍሎችን ዘርዝር» አይባልም ነበር። ወረቀት ይሰጠዋል፤ ሰዓት ይያዝበታል፤ በደቂቃ ስንት ቃል እንደመታና ስንት እንደገደፈ ይቆጠራል። ጣቱ ነው የሚመሰክርለት።

ታዲያ የእጁ ፈተና በወረቀት የተተካው የት ላይ ነው? እኔ እንደሚመስለኝ ዕቃው ሳይደርስ ስሙ ቀድሞ ሲደርስ ነው። በ1997 ዓ.ም. ገደማ ፕላዝማ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሲገባ ያየ ያስታውሳል። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የተቀረጸ ትምህርት በሳተላይት ይመጣል፤ የስክሪኑ መምህር በእንግሊዝኛ ይፈጥናል፤ ጥያቄ ይጠይቅና ራሱ ይመልሳል። ተማሪው እጁን ቢያወጣም የሚያየው የለም። ቴክኖሎጂ ማለት የሚቀመጡለት፣ የሚያዩት፣ የማይነኩት ነገር ሆኖ ገባ። ኮምፒውተሩም ተከትሎት ሲመጣ ያንኑ ጠባይ ወረሰ። አራት ማሽን ለስድሳ ልጅ ከሆነ፣ መብራትም ከጠፋ፣ መምህሩ ምን ያድርግ? ጥቁር ሰሌዳ ላይ ኪቦርድ ይሥላል። ያስተማረውን ነው የሚፈትነው፤ ስለዚህ የሥዕሉን ስም ይጠይቃል። በመምህሩ አልፈርድም።

ዳንግላን ያነሳሁ እንደሆነ አንድ ታሪክ ትዝ ይለኛል። ሮበርት ቺዝማን የተባለ እንግሊዛዊ ከ1925 እስከ 1934 እ.ኤ.አ. ዳንግላ ላይ የአገሩ ቆንስል ነበር። ዓለም ሁሉ የዐባይን ስም ያውቃል፤ ካርታው ላይ ግን የዐባይ አካሄድ በብዙ ቦታ በግምት የተሠመረ ነበር። ሰውየው ከዳንግላ እየተነሳ ለዓመታት በበቅሎና በእግር የወንዙን ዳር ተከትሎ ለካው፤ በ1936 እ.ኤ.አ. ስለ ጣናና ስለ ዐባይ መጽሐፍ አወጣ። ነገር ግን መልካውን፣ መሻገሪያውን፣ ገደሉን የአገሬው ሰው ድሮም ያውቀው ነበር። የማያውቀው ካርታው ነው። የቴሌብሯን ልጅ ሳስብ ይሄው ነው የሚመጣብኝ። ልጅቷ ታውቃለች፤ የማያውቀው የፈተና ወረቀቱ ነው።

«ታዲያ ዛሬ ሁሉም ልጅ ስልክ ይነካካል፤ ምን መፈተን ያስፈልጋል?» የሚል አይጠፋም። ተሳስቷል። አይሲአይኤልኤስ የሚባል ዓለም አቀፍ ጥናት አለ። ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎችን ኮምፒውተር ፊት አስቀምጦ እያሠራ ይለካል። በ2018ቱ ዙር የመጨረሻውን ደረጃ የደረሱት በአማካይ ከመቶ ሁለት ያህሉ ብቻ ናቸው። የተፈተኑት እኮ አብዛኞቹ ቤታቸው ኮምፒውተር ሞልቶ ያደጉ የሀብታም አገር ልጆች ናቸው! መነካካት ሌላ፣ መቻል ሌላ። የኛዋም ልጅ ብትሆን የጻፈችው የት እንደገባ አጥታዋለች። መፈተኑ ይጠቅማል፤ የሚጠቅመው ግን የጎደለውን ካሳየ ነው።

ነገሩ የዋዛ እንዳይመስላችሁ። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ተወስዶ በጥብቅ ቁጥጥር ሲሰጥ፣ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። ያን ዓመት አገሩ ሁሉ ደነገጠ። ለዓመታት ከክፍል ወደ ክፍል ያሻገረን ወረቀት ምን ያህል ሲሸነግለን እንደኖረ ያኔ ታየ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ደግሞ ከተፈታኞቹ ከፊሎቹ ፈተናውን በኮምፒውተር ወሰዱ፤ በ2017ም ቀጠለ። ከዚህ በኋላ ማውዝ መያዝ የአንድ ትምህርት ጉዳይ አይደለም። ሒሳብ የሚችል ልጅ ቀስቷን ሲያባርር ሰዓቱ ቢያልቅበት፣ ውጤቱ ላይ «ሒሳብ አይችልም» ተብሎ ነው የሚጻፍበት።

ለዚህ ነው ዘጠነኛ ክፍል መግቢያው ላይ መታየት ያለበት። አራት ዓመት አለ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መምህሩ ልጆቹን በተራ፣ ለእያንዳንዱ ዐሥር ደቂቃ፣ አንዷ በምትሠራ ማሽን ፊት ቢያስቀምጣቸው ይበቃል። ክፈት፣ ጻፍ፣ አስቀምጥ፣ ዝጋ፣ ፈልገህ አግኝ። አምስት ነገር ነው። ማርክ አይሰጥበት፤ ማርክ ከተሰጠበት ልጁ ይሸመድደዋል ወይም ይደብቀዋል። መምህሩ ስም ዝርዝሩ ላይ ማን ማውዝ እንዳልነካ፣ ማን ፋይል እንደሚጠፋበት ይጻፍ። ከዚያ የሚችለውን ከማይችለው ጎን ያስቀምጥ። ሁለቱ ልጆች እህቴ ጠረጴዛ ላይ ያደረጉት ይህንኑ ነው፤ እሱ የሰማውን፣ እሷ የቻለችውን አዋጡና ፋይሉ ተገኘ።

በዚያው ዓመት ክረምት የሆነውን ታውቁታላችሁ። ክልሉ ውስጥ ጦርነት ተነሳ፤ የሞባይል ኢንተርኔት ለረዥም ጊዜ ተቋረጠ፤ በሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ልጆች ከትምህርት ገበታ ራቁ። ተከራይዋ ልጅም ጓዟን ጠቅልላ ወደ ቤተሰቦቿ ሄደች። ከዓመት በላይ ቆይታ ተመልሳለች ብላ እህቴ በስልክ ነግራኛለች። ደስ አለኝ። አሁን እሷን የሚጠብቃት ፈተና ምናልባት በስክሪን የሚመጣው ነው።

የዚያን ማታ መጨረሻ ላልነግራችሁ አልችልም። አፏን የፈታችው፣ የመጀመሪያ ደረጃንም የተማረችው በአውኛ ነው። «በይ የቋንቋሽን ስም በራሱ በቋንቋው ጻፊው» አልኳት። «አው» ብላ ጻፈችና ቆመች። ቀጥሎ የምትመጣው «ጚ» ናት። ኪቦርዱን ከላይ እስከ ታች ፈለገች፤ እኔም ገብቼ ፈለግሁ። አጣናት።

«ጋሼ፣ የኛ ፊደል ኮምፒውተር ላይ የለችም ማለት ነው?» አለችኝ።

አለች። የግዕዝ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ የሚባለው የዓለም ፊደላት መዝገብ ውስጥ ሲገባ «ጘ»ም ከነቤተሰቧ አብራ ገብታለች። ልጅቷ በእጇ እስክትፈልጋት ድረስ ግን ኪቦርዴ ላይ አለመኖሯን እኔም አላወቅሁም ነበር። ይህን ያህል ዓመት በኮምፒውተር ስጽፍ ኖሬ፣ ያን ማታ የወደቅሁት እኔ ነኝ።

በማግስቱ ከኢንተርኔት ፈልጌ አገኘኋትና ላፕቶፑን ሰጠኋት። «አውጚ» ብላ ጻፈች። ከዚያ ማንም ሳያዛት ሴቭ አደረገችው፤ ዘጋችው፤ ዶኪዩመንት ውስጥ ገብታ መልሳ ከፈተችው።