የደጋው ገብስ ተወዳዳሪነት፦ ሕግ፣ ብድርና ገበያ

በሰሜን ጎንደር ዞን የዳባትና የደባርቅ ደጋማ ቀበሌዎች ገብስ ያመርታሉ። ጎንደር ከተማ ደግሞ ዳሽን ቢራ ፋብሪካና የብቅል ፋብሪካ ይገኙባታል። አምራቹና ፋብሪካው ቢቀራረቡም፣ የአርሶ አደሩ ገብስ ከአርሲው ገብስና ከውጭ ከሚገባው ብቅል ጋር ይወዳደራል። ውድድሩን የሚወስነው የማሳው ለምነት ብቻ ሳይሆን ሕጉና የገንዘብ አቅርቦቱም ጭምር ነው።

ብቅል የሚዘጋጀው ገብሱን በማብቀል ነው። ስለዚህ ፋብሪካ የሚቀበለው ፍሬው የሞላ፣ ያልተሰበረ፣ የመብቀል ኃይሉን ያላጣና የፕሮቲን መጠኑ ከልክ ያላለፈ ገብስ ነው። ለዚህ ምርጥ ዘር፣ ተመጥኖ የተጨመረ ማዳበሪያና ደረቅ ጎተራ ያስፈልጋሉ። ሦስቱም ወጪ የሚጠይቁት ገብሱ ከመሸጡ በፊት በመሆኑ፣ ብድር ያላገኘ አርሶ አደር በአውድማው ዋጋ ለመሸጥ ይገደዳል።

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም። በዚህም ምክንያት ይዞታን በዋስትና አስይዞ መበደር ለረጅም ጊዜ አዳጋች ነበር። አነስተኛ ብድር በአመዛኙ የሚገኘው በቡድን ዋስትና፣ በተለይም ወደ ፀደይ ባንክ ከተለወጠው ከአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም ነበር። የክልሉ አዋጅ ቁጥር 252/2009 የይዞታ ደብተር ያለው አርሶ አደር የመጠቀም መብቱን አስይዞ እንዲበደር ፈቀደ፤ የፌዴራሉ አዋጅ ቁጥር 1324/2016ም ይህንኑ መብት አጸና። አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ደግሞ ከብትና ሰብል በዋስትና የሚያዙበትን ሥርዓት ዘረጋ። ብድሩ ሳይከፈል ቢቀር ለአበዳሪው የሚተላለፈው በውሉ ለተወሰነው ዘመን በመሬቱ የመጠቀም መብት እንጂ ይዞታው ለዘለዓለም አይደለም። ስለዚህ ከመፈረም በፊት የዘመኑን ልክ ማረጋገጥ ያሻል።

ዋስትና መኖሩ ግን ብቻውን ብድር አያስገኝም። ብሔራዊ ባንክ የዋጋ ንረትን ለመግታት በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የባንኮች ዓመታዊ የብድር ዕድገት ከ14 በመቶ እንዳይበልጥ ወስኖ ነበር። ገደቡ በኋላ ላልቷል፤ ሆኖም ብድር ሲጠብ ባንኮች ትልልቅ ተበዳሪዎችን ማስቀደማቸው አይቀርም።

ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን መደረጉም ሁለት ገጽታ አለው። ከውጭ የሚገባ ብቅል በብር ሲወደድ የአገር ውስጥ ገብስ ተፈላጊነት ይጨምራል፤ ማዳበሪያም የሚገባው በዶላር ነውና የአርሶ አደሩ ወጪ አብሮ ያድጋል። ትርፍ የሚኖረው የገብሱ ዋጋ ከማዳበሪያው ዋጋ ቀድሞ ሲጨምር ነው። ዋጋን፣ ጥራትንና የመረከቢያ ጊዜን ከዘር በፊት የሚወስን የጽሑፍ ውል፣ በተለይም በኅብረት ሥራ ማኅበር በኩል ሲፈረም፣ አርሶ አደሩ ምን ያህል ቢበደር እንደሚያዋጣው አስቀድሞ እንዲያሰላ ያስችለዋል።