መቃን

በሐዋሳ አዲስ ከተማ የባሕር ዛፍ ቋሚ ተተክሎ፣ ማገር ተማግሮ፣ በጭድ የተቦካ ጭቃ የተመረገበት ቤት ዛሬም አለ። ውስጡ ሲጨረስ ባለቤትና አናጢ የማይግባቡት መስኮቱ ላይ ነው፤ ዙሪያውን በሙሉ «መቃን» እያሉ። በወጉ ከተነገረ መቃን ግራና ቀኝ የሚቆመው እንጨት ብቻ ነው። ከላይ የሚጋደመው ጉበን ነው፤ ኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 12 ላይም ሁለቱ ተለይተው ተጠርተዋል። የታችኛው፣ በር ከሆነ፣ ደፍ ይባላል።

መቃኑ በቱምቢ ቀጥ ብሎ ከቆመም በኋላ ጣጣው አያልቅም። ጭቃ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ከእንጨቱ እየሸሸ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይተዋል፣ ንፋሱም በዚያ ነው የሚገባው። ክፍተቱን የሚሸፍነው ዙሪያውን የሚመታ ቀጭን ጣውላ፣ ክፈፉ ነው። ግድግዳው ሳይደርቅ የተቸኮለበት ክፈፍ እርጥበት ጠጥቶ ይጣመማል። መቃኑ ራሱ ከጭቃው በልስኑ ውፍረት ልክ ወጣ ማለት አለበት፤ ወደ ውስጥ ከሰመጠ ክፈፉ የሚያርፍበት ያጣል። ብዙ አናጢ የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው።

ጣሊያኖች እንዲህ ያለውን ክፈፍ፣ የሥዕልንም ጭምር፣ «ኮርኒቼ» ይሉታል። ቃሉ እኛ ዘንድ ሲደርስ ኮርኒስ ሆኖ ወደ ጣሪያ ወጣ፤ አናጢውን መስኮቱ ላይ ኮርኒስ ምታ ብትሉት ቀና ብሎ ነው የሚያየው።