የአሮጌ ቤቶች ጭስ ማውጫና የጋዝ ማሞቂያ፤ የካርቦን ሞኖክሳይድ ምርመራ ታሪክ በእንግሊዝ አገር

ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም፣ ሽታም፣ ጣዕምም የሌለው ጋዝ መሆኑን የማኅበራችን አባላት ሁሉ ያውቁታል። ይሁን እንጂ አደጋው በአንድ ቤት ውስጥ መኖር አለመኖሩ በምን ዘዴ ሲመረመር እንደቆየ ብዙም አይወሳም። የዚህ ዘዴ ታሪክ ጎልቶ ከሚታይባቸው አገሮች አንዷ እንግሊዝ ስለሆነች በዚህ አጭር ጽሑፍ የምንመለከተው የእርሷን ነው። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ተጽፈዋል።

ጋዙ ሰውን የሚገድለው በደም ውስጥ ኦክሲጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን በመያዝ መሆኑን ፈረንሳዊው ክሎድ ቤርናር በ1857 አስረዳ። ዕውቀቱን ለሥራ ያዋለው ግን ጆን ስኮት ሃልዴን ነው። ይህ ሊቅ በ1895 ጋዙን ራሱ እየተነፈሰና የገዛ ደሙን እየመረመረ፣ ምን ያህል መጠን ምን ዓይነት ሕመም እንደሚያስከትል መዘገበ። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ በከሰል ድንጋይ ጉድጓድ ፍንዳታ የሞቱ ሠራተኞችን ሁኔታ መርምሮ፣ ከሟቾቹ አብዛኞቹን የፈጃቸው ፍንዳታው ሳይሆን ከፍንዳታው በኋላ የቀረው ካርቦን ሞኖክሳይድ መሆኑን አሳየ። ትንፋሻቸው ፈጣን የሆነ ትንንሽ እንስሳት ከሰው ቀድመው ስለሚወድቁ ወደ ጉድጓድ እንዲወሰዱ ያሳሰበው እርሱ ነው። ካናሪ ወፍ በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ተተክታ ከእንግሊዝ ጉድጓዶች የተሰናበተችው በ1986 ነበር። ይህን ያህል ዘመን ያገለገለ የመለኪያ መሣሪያ በሙያችን ብዙ አይገኝም።

ወደ መኖሪያ ቤት ስንመለስ፣ ከአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አንሥቶ በለንደን በቧንቧ ይታደል የነበረው ጋዝ ከከሰል ድንጋይ የሚመረት ነበር። ካርቦን ሞኖክሳይድ በውስጡ በብዛት ስለነበረ መርዙ ተዘጋጅቶ ወደ ቤት ይገባ ነበር ለማለት ይቻላል። ስለዚህ የመርማሪው ጥያቄ ቀላል ነበር፤ ቧንቧው ያፈስሳልን? ጋዙ ኃይለኛ ሽታ ስለነበረው አፍንጫ ብቻውን ብዙ ይረዳ ነበር።

በ1965 በሰሜን ባሕር የተፈጥሮ ጋዝ ተገኘ። ከ1967 እስከ 1977 ባሉት ዓመታት 13 ሚሊዮን ገደማ የሚሆኑ ደንበኞች ምድጃና ማሞቂያ፣ ቤት ለቤት እየተዞረ፣ ለአዲሱ ጋዝ እንዲስማማ ተደረገ። የተፈጥሮ ጋዝ አብዛኛው ሜቴን ስለሆነ ካርቦን ሞኖክሳይድ የለበትም። መርዙ ከቧንቧው ወጣ፤ ሕዝቡም ጋዝ ከእንግዲህ አይመርዝም ብሎ አመነ። በእኔ አስተያየት የዘመናችን ችግር ከዚህ እምነት የሚጀምር ነው። ሜቴን በቂ አየር ሲያገኝ ነድዶ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ውሃ ይሆናል፤ አየር ሲያንሰው ግን ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። (በአገራችን በተዘጋ ክፍል ውስጥ የከሰል ምድጃ ይዘው የሚያድሩትን የሚገድለውም ይኸው ጋዝ ነው።) መርዙ እንግዲህ በቤቱ ውስጥ የሚመረት ሆነ። ለጥንቃቄ ተብሎ በተፈጥሮ ጋዝ ላይ የሚጨመረው ሽታም ስላልተቃጠለው ጋዝ ብቻ ይናገራል፤ ሲቃጠል ሽታውም አብሮ ይቃጠላል።

የአሮጌ ቤቶች ነገር እዚህ ላይ ይመጣል። በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን የተሠራው ቤት የታነጸው ለከሰል እሳት ነው፤ በየክፍሉ ምድጃ፣ በየምድጃው የጡብ ጭስ ማውጫ አለው፤ በመስኮቱና በወለሉ ስንጥቅ ነፋስ እንደልቡ ይገባበታል። ከ1952ቱ የለንደን ጭጋግ በኋላ የ1956ቱ የንጹሕ አየር ሕግ ሲወጣ የከሰል እሳት እየቀረ ሄደ፤ በብዙ ቤት ጋዝ ማሞቂያ በዚያው በአሮጌው ምድጃ ቦታ ተተከለ፤ ጭሱም በዚያው በአሮጌው ጡብ እንዲወጣ ተደረገ። የጋዝ ጭስ ግን ከከሰል ጭስ ይልቅ ቀዝቃዛና እርጥበት የበዛበት ነው። እርጥበቱ በቀዝቃዛው ግንብ ላይ ጤዛ እየሆነ የጡቡን መያዣ ይበላል፤ የተፈረፈረው ልስን ወይም የወፍ ጎጆ ማውጫውን ይዘጋል፤ ግድግዳው ከተሰነጠቀ ጭሱ ወደ ጎረቤት መኝታ ቤት ይሻገራል። ማሞቂያ የሌለው ሰው በጎረቤቱ ማሞቂያ የሚመረዘው በዚህ ምክንያት ነው። ከ1973ቱ የነዳጅ ዋጋ ንረት ወዲህ ደግሞ ሙቀት ለመቆጠብ ስንጥቁ ሁሉ ተደፈነ፤ መስኮቱም ድርብ መስተዋት ሆነ። ቤቱ ሞቀ፤ እሳቱ ግን አየር አጣ። በወጥ ቤት የተተከለ አየር ሳቢ ማራገቢያም ጭሱን ከማውጫው ወደ ታች ሊመልሰው ይችላል።

ስለዚህ የዛሬው መርማሪ ከዕቃው ይልቅ ቤቱን ይመረምራል ማለት ይቻላል። ቢጫ ነበልባል፣ በማሞቂያው ዙሪያ የሚታይ ጥላሸት፣ በመስታወት ላይ ያለ ቅጥ የሚፈጠር ጤዛ ያጠራጥሩታል፤ አለመታየታቸው ግን ነጻ ማረጋገጫ አይሆነውም። በርና መስኮት ዘግቶ፣ ማራገቢያውን አስነሥቶ፣ ጭስ በሚሰጥ ክብሪት ማውጫው መሳብ አለመሳቡን ይፈትሻል። በመሣሪያም በሚወጣው ጭስ ውስጥ ካርቦን ሞኖክሳይድ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር ያለውን ንጽጽር ይለካል። አየሩን በቀጥታ ከውጭ የሚስበው ዝግ ማሞቂያ ከዚህ ጣጣ አብዛኛውን ያስቀራል።

ሕጉ አከራይ የጋዝ ማሞቂያውን በየዓመቱ በተመዘገበ ባለሙያ እንዲያስመረምር ያስገድዳል፤ በገዛ ቤቱ የሚኖረው ሰው ግን እንዲህ ያለ ግዴታ የለበትም። ተከራዩ ራሱ ገዝቶ ያመጣው ማሞቂያም በአከራዩ ግዴታ ውስጥ አይቆጠርም። በለንደን አሮጌ ቤቶች በኪራይ ለሚኖሩ ወገኖቻችን ይህን ማወቅ ይጠቅማል።

ከ2022 ጀምሮ በእንግሊዝ የኪራይ ቤቶች፣ ለማብሰያ ብቻ ከሚያገለግል የጋዝ ምድጃ በቀር፣ ነዳጅ የሚያነድድ ቋሚ ዕቃ ባለበት ክፍል ሁሉ የማስጠንቀቂያ ደወል እንዲኖር ታዝዟል። ደወሉ ሕይወት ያድናል፤ ወሰኑን ማወቅ ግን ይገባል። በአውሮፓ ደረጃ መሠረት አየሩ ከሚሊዮን 50 እጅ ሲደርስ የሚጮኸው ከ60 እስከ 90 ደቂቃ ባለው ጊዜ ነው፤ በ30 እጅ ግን ለሁለት ሰዓት ያህል መጮኽ የለበትም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ለ24 ሰዓት ያስቀመጠው ወሰን በሜትር ኩብ 4 ሚሊግራም ነው፤ ይህም ከሚሊዮን 4 እጅ እንኳ አይሞላም። በዚህ መካከል ባለው መጠን ክረምቱን ሙሉ የሚተነፍስ ቤተሰብ ደወሉ ሳይጮኽለት ራስ ምታቱን ጉንፋን ነው እያለ ሊከርም ይችላል። ሐኪም ዘንድ ቢሄድም፣ ንጹሕ አየር የሚተነፍስ ሰው ደም በአራትና በአምስት ሰዓት ውስጥ ከመርዙ ግማሹን ስለሚያስወጣ፣ ዘግይቶ የተቀዳ ደም ብዙ አይናገርም። ስለዚህ ልምድ ያለው መርማሪ መሣሪያውን ከመክፈቱ በፊት ነዋሪዎቹን፣ ሕመሙ ከቤት ስትወጡ ይተዋችኋል ወይ፣ ስትመለሱስ ይነሣባችኋል ወይ፣ ብሎ ይጠይቃል።