«የጦርነት ሥልጣን» በአሜሪካ ፖለቲካ

የጦርነት ሥልጣን የሚባለው ጦርነት የማወጅ፣ ሠራዊት የማዝመት፣ ውጊያ የመምራት፣ ለዚህ ሁሉ ገንዘብ የመመደብና በመጨረሻም የማስቆም ሥልጣን በአንድነት ነው። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ይህን ሥልጣን ለሁለት ከፍሎታል፤ ማወጁንና በጀቱን ለኮንግረስ፣ ጠቅላይ አዛዥነቱን ለፕሬዚዳንቱ ሰጥቷል። ወሰኑ የት ላይ እንደሆነ ግን ዛሬም አልለየለትም።

ጉዳዩ ወደ አማርኛ ሲመጣ ሌላ ችግር ይጨመርበታል። እ.ኤ.አ. በ1973 የፕሬዚዳንቱን እጅ ለመያዝ የወጣው ሕግ በጥድፊያ ሲተረጎም «የጦር ኃይሎች ሕግ» እየተባለ ይጻፋል። ይህ በዝምታ የሚታለፍ ስህተት አይደለም። «የጦር ኃይሎች» በአማርኛ ቦታው የተያዘ ስም ነው፤ ምድር ጦር፣ አየር ኃይልና ባሕር ኃይል በአንድነት ይጠሩበታል። በኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት ጠቅላይ ሚኒስትሩ የጦር ኃይሎች ጠቅላይ አዛዥ ናቸው። በምዕራብ አዲስ አበባ ሆስፒታሉ፣ ሰፈሩና የቀላል ባቡሩ ጣቢያ በዚሁ ስም ይታወቃሉ፤ የታክሲ ረዳቶችም ቀኑን ሙሉ «ጦር ኃይሎች!» እያሉ ይጣሩበታል። ስለዚህ «የጦር ኃይሎች ሕግ» የሚል ርእስ ያየ አንባቢ ስለ ወታደር ማዕረግ፣ ደመወዝና ጡረታ የተደነገገ ነገር ይጠብቃል። ሕጉ የሚናገረው ግን ወታደሩን ወደ እሳት መላክ የሚችለው ማን እንደሆነ ነው።

የስህተቱ ምንጭ ሩቅ አይደለም። እንግሊዝኛ በአንድ ቃል (power) የሚጠራቸውን ሁለት ነገሮች አማርኛ ከግእዝ ጀምሮ ለይቶ ይዟቸዋል። «ኃይል» ብርታትና ጉልበት ነው፤ በግእዝ ሠራዊትም ማለት ይሆናል። የኤሌክትሪክ ኃይል፣ የሰው ኃይል፣ የጸጥታ ኃይል የሚባለው ከዚሁ ነው። «ሥልጣን» ደግሞ «ሠለጠነ» ከሚለው ግስ የወጣ ሲሆን፣ ግሱ በግእዝ መግዛትን፣ መብት ኖሮት ማዘዝን ያመለክታል። ዐረብኛው «ሱልጣን» የዚሁ ሥር ዘመድ ነው። የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ሳይቀር በነገደ መላእክት ቆጠራ ኃይላትንና ሥልጣናትን ሁለት የተለያዩ ነገዶች ያደርጋቸዋል። መንግሥት የሚገለብጥ መኮንን ኃይል አለው፣ ሥልጣን የለውም። የአሜሪካው ክርክርም ያረፈው እዚሁ ልዩነት ላይ ነው፤ ፕሬዚዳንቱ ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ለመላክ ኃይል እንዳላቸው ማንም አይጠራጠርም፣ የሚጠየቀው ሥልጣን አላቸው ወይ ተብሎ ነው። ሁለቱን ቃላት የሚያምታታ ትርጉም ክርክሩን ራሱን ያጠፋዋል።

«ሥልጣን» ከተመረጠ በኋላም ከፊቱ የሚቀመጠው ቃል ያከራክራል። «የጦር ሥልጣን» አጭርና ለጆሮ የሚጥም ቢሆንም፣ «ጦር» በአማርኛ መሣሪያውም ሠራዊቱም ስለሆነ የመኮንኖችን ማዕረግ ያስመስላል። «የክተት ሥልጣን» የሚለው ከሁሉ ይልቅ ልብ ይስባል። ክተት የአገሬው ቃል ነው፤ ዐፄ ምኒልክ በ1888 ዓ.ም. ሕዝቡን ወደ ዐድዋ የጠሩበት አዋጅ በዚህ ስም ይታወሳል። ነገር ግን ክተት ሕዝብን ከየቤቱ የሚያስነሣ ጥሪ ነው፤ አሜሪካ ውስጥ የሚያወዛግበው ደግሞ ማንንም ሳይጠሩ በተዘጋጀ መደበኛ ሠራዊት የሚካሄድ ዘመቻ ነው። ቃሉ ቢያሳሳም አይገጥምም።

«ጦርነት የማወጅ ሥልጣን» የሚለውም ከግማሹ በላይ አይሄድም፤ እርሱ የኮንግረስ ድርሻ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 17 ቀን 1787 በፊላደልፊያው ጉባኤ ላይ ጄምስ ማዲሰንና ኤልብሪጅ ጌሪ በረቂቁ ውስጥ ኮንግረስ ጦርነት «ያካሂዳል» የሚለው «ያውጃል» በሚል እንዲተካ ያቀረቡት ሐሳብ ተቀባይነት አግኝቷል። ምክንያታቸው ድንገተኛ ጥቃትን መመከት ለፕሬዚዳንቱ እንዲቀር ነው። ስለዚህ ማወጅና ማካሄድ አንድ እንዳልሆኑ ሕገ መንግሥቱን የጻፉት ሰዎች ራሳቸው ያውቁ ነበር፤ አማርኛውም ሁለቱን የሚያቅፍ ስም ያስፈልገዋል። «የጦርነት ሥልጣን» ያቅፋቸዋል። ማብዛትም አይጠይቅም፤ በኢትዮጵያ አዋጆች «ሥልጣንና ተግባር» የሚለው ርእስ ከሥሩ ስንት ቁጥር ቢዘረዘር ነጠላ ሆኖ ይጻፋል።

ፅንሰ ሐሳቡ ብዙ ማብራሪያ አይሻም። ኮንግረስ በታሪኩ ጦርነት ያወጀው 11 ጊዜ ሲሆን፣ የመጨረሻው እ.ኤ.አ. በ1942 በቡልጋሪያ፣ በሃንጋሪና በሩማንያ ላይ ነው። የኮርያ ጦርነት ያለ አዋጅ ተካሄደ፤ የቬትናሙም እንዲሁ። ከዚያ በኋላ ኮንግረስ በ1973 ሪቻርድ ኒክሰን ውድቅ ያደረጉትን ረቂቅ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ አጸደቀው። በሕጉ መሠረት ፕሬዚዳንቱ ሠራዊት ወደ ውጊያ ባስገቡ በ48 ሰዓት ውስጥ ለኮንግረስ ያሳውቃሉ፤ ካልተፈቀደላቸው በ60 ቀን ውስጥ ያቆማሉ፤ ሠራዊቱን ለማስወጣት 30 ቀን ሊጨመር ይችላል።

የሰነዱ ዓይነትም በጥንቃቄ ሊሰየም ይገባል። በእንግሊዝኛ ስሙ «ውሳኔ» ቢባልም በሁለቱም ምክር ቤቶች አልፎ የሕግ ጉልበት ያገኘ ነውና በአማርኛ «የጦርነት ሥልጣን ሕግ» ማለት ትክክል ነው። «የውሳኔ ሐሳብ» ገና ድምፅ ያልተሰጠበት ነገር ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2025 ፎርዶ፣ ናታንዝና ኢስፋሃን የሚገኙትን የኢራን የኑክሌር ተቋማት ከደበደበች በኋላ የቨርጂኒያው ሴናተር ቲም ኬን ያቀረቡት የውሳኔ ሐሳብ ነበር፤ የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት በ53 ለ47 ድምፅ ጣለው። በቨርጂኒያ በርካታ አማርኛ ተናጋሪ መራጮች ይኖራሉ። ሴናተራቸው ያቀረቡት ሐሳብ ከነባሩ ሕግ ጋር ከተምታታባቸው ሕጉ ራሱ የተሻረ ይመስላቸዋል።

ከሁሉ የሚከብደው የ60 ቀኑን ቆጠራ የሚያስጀምረው የእንግሊዝኛ ቃል (hostilities) ነው። መዝገበ ቃላት «ጠላትነት» ይለዋል፤ ጠላትነት ግን ጥይት ሳይተኮስም በልብ ይኖራል። «ግጭት» ከመኪና አደጋ እስከ ጎሣ ጠብ ስለሚዘረጋ እጅግ ሰፊ ነው። የሚሻለው «ውጊያ» ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 በሊቢያ የአየር ዘመቻ 60ው ቀን ሲያልፍ የኦባማ አስተዳደር፣ በውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ የሕግ አማካሪ በሃሮልድ ኮህ በኩል ጭምር፣ ዘመቻው ሕጉ የሚለው ዓይነት ውጊያ አይደለም ሲል ተከራከረ፤ የአሜሪካ እግረኛ ወታደር የለበትም፣ ከጠላት ጋር የተኩስ ልውውጥም የለም አለ። አማርኛው ይህን ክርክር ያለ ብዙ ድካም ይሸከመዋል። «ወጋ» አንድ ወገን የሚያደርገው ነው፤ «ተዋጋ» ግን ሁለት ወገን እርስ በርሱ የሚያደርገው። ከሰማይ የሚደበድብ ወጋ ወይስ ተዋጋ? ጥያቄው ይኸው ነው። ተርጓሚ «ጥቃት» ቢል ለተቃዋሚዎች፣ «ጦርነት» ቢል ለዋይት ሐውስ ይፈርዳል፤ «ውጊያ» ፍርዱን ለአንባቢ ይተዋል።

«ኃይል» በቦታው የሚገባበት አንድ ሰነድ አለ፤ እርሱም እ.ኤ.አ. ከመስከረም 11 ቀን 2001 ጥቃት በኋላ የወጣው «ወታደራዊ ኃይል የመጠቀም ፈቃድ» ነው። በተወካዮች ምክር ቤት ባርባራ ሊ ብቻ ሲቃወሙት በ420 ለ1 ድምፅ አለፈ። በ2016 የኦባማ አስተዳደር የሶማሊያውን አልሸባብ በዚሁ ፈቃድ ሥር አስገብቶታል። እዚህ ላይ የሚፈቀደው መሣሪያውና ጉልበቱ ስለሆነ ኃይል መባሉ ትክክል ነው፤ ፈቃዱን የሚሰጠው ክፍል ያለው ደግሞ ሥልጣን ነው።

ዜና አርታኢዎች «የጦር ኃይሎች»ን ለሠራዊቱ ትተው፣ የ1973ቱን «የጦርነት ሥልጣን ሕግ»፣ የ2001ዱን «ወታደራዊ ኃይል የመጠቀም ፈቃድ»፣ ድምፅ የሚጠብቀውን ደግሞ «የውሳኔ ሐሳብ» እያሉ ይጻፉ።