ከዛር ዜማ እስከ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ

የኤሌክትሮኒክስ ሙዚቃ ታሪክ ሲወሳ ብዙዎቹ ሊቃውንት የሚጀምሩት ከፓሪሱ ፒየር ሼፌር፣ ከ1948 ነው (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው)። እኔ ካይሮን አስቀድማለሁ። ግብፃዊው ሃሊም ኤል-ዳብ በ1944 የሽቦ መቅረጫ ይዞ የሴቶችን የዛር ዜማ ቀዳ፤ ከዚያም በራዲዮ ስቱዲዮ ማሚቶ እየጨመረ፣ መሠረታዊውን ድምፅ እየቀነሰ፣ ቅሪቱን ሙዚቃ አደረገው። ያውም ግብርና የተማረ ሰው!

በ1959 ኒው ዮርክ ውስጥ በኮሎምቢያ-ፕሪንስተን የኤሌክትሮኒክስ ሙዚቃ ማዕከል ሠራ። ለኛ የሚበልጡት ግን ከ1962 ጀምሮ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ያስተማረባቸው ሁለት ዓመታት ናቸው። በ1963 ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን አቋቁሞ ክራርን፣ መሰንቆን፣ ዋሽንትንና እምቢልታን ባንድ መድረክ አሰለፈ። እስከዚያ ድረስ አዝማሪው በየጠጅ ቤቱ፣ እረኛው በየመስኩ፣ እምቢልታ ነፊውም በየሹማምንቱ ደጅ ነበር የሚሰማው። «መሣሪያን ከቦታው መንቀል ነው» የሚሉ አይጠፉም፤ ክርክሩም ቀላል አይደለም። እኔ ግን ዛሩን የቀዳውን ያንኑ ጆሮ ነው የማየው። ያሰለፈው ሙያው ያላቸውን ሰዎች ራሳቸውን ነውና።

ቡድኑን በኋላ ተስፋዬ ለማ መራው፤ በኛ ዘንድ በብዛት የሚነሣውም፣ ይገባዋል፣ የሱ ስም ነው። ኤል-ዳብ ከ1969 እስከ 1991 በኦሃዮው ኬንት ስቴት ዩኒቨርሲቲ አስተምሮ፣ በ2017 በ96 ዓመቱ እዚያው ኬንት አረፈ።