የነፋስ ስልክ ወደ ጎጃም እንደ ገባ

ዓመተ ዓለም በ7432፣ በዘመነ ዮሐንስ፣ ይኸውም በ1932 ዓ.ም. ነሐሴ 6 ቀን ሰኞ፣ የፍልሰታ ጾም ገና ሳይፈታ፣ ኮሎኔል ዳንኤል ሳንፎርድ ከሱዳን ተነሥተው ድንበር ተሻገሩ። ከእርሳቸውም ጋር የንጉሠ ነገሥቱ እንደራሴ አዛዥ ከበደ ተሰማ፣ ጥቂት እንግሊዛውያን መኮንኖችና ባለራዲዮዎች፣ ከስደት የሚመለሱ ኢትዮጵያውያንና አጋሰስ ነጂዎች ነበሩ። የጉዞው ስም ተልእኮ 101 ተባለ። ሳንፎርድ ለአገሩ እንግዳ አልነበሩም። ከጣልያን ወረራ በፊት በሙሎ እርሻ አቅንተው ብዙ ዓመት ኖረዋል፤ አማርኛም ይናገሩ ነበር።

የመጡበትም ነገር ይህ ነው። ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከእንግሊዝ አገር መጥተው በዚያ ክረምት ካርቱም ተቀምጠው ነበር። በጎጃም ደግሞ ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬ፣ ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ፣ በላይ ዘለቀና ሌሎችም አለቆች እንደየአገራቸው ጠላትን እየተዋጉ አራት ዓመት ቆይተዋል። በንጉሡና በአርበኛው መካከል ግን ወሬ የሚሄደው በሰው እግር ብቻ ነበር። ደብዳቤው በመልእክተኛ እጅ ቆላውን አቋርጦ፣ የጠላትን ኬላ አልፎ፣ በስንት ሳምንት ይደርሳል። መልሱም በመጣ ጊዜ ነገሩ አልፎበት ይገኛል።

ጣልያን ግን እንዲህ አልነበረም። በዳንግላ፣ በእንጅባራ፣ በቡሬ፣ በደምበጫና በደብረ ማርቆስ ምሽግ ሠርቶ፣ ምሽጎቹን በስልክ ሽቦና በራዲዮ አገናኝቶ ነበር። አንዱ ምሽግ ቢከበብ ሌላው በዚያው ቀን ይሰማል፤ አውሮፕላንም ይላካል። አርበኛው ሽቦውን ቢቆርጥ በነፋስ የሚሄደውን ቃል ሊቆርጠው አይችልም። ደገኛው ከሸንተረር ሸንተረር መጠራራትን ያውቅበታል፤ ጥይት ተኩሶ፣ ነጋሪት መትቶ፣ እሳት አንድዶ አገር ያስነሣል። ጩኸቱ ግን የጮቄን ተራራ አይሻገርም፤ ጠላትም እንደ ወዳጅ ይሰማዋል።

ወዳጅ የላከውን ጠላት መስማቱስ በራዲዮም አልቀረም። ይህን አስቀድመን ልንጽፈው ይገባናል። በ1928 ዓ.ም. መጋቢት 22 ቀን በማይጨው ጦርነት ከመደረጉ በፊት ከንጉሠ ነገሥቱ ሰፈር በራዲዮ የተላከውን ቃል የጣልያን ባለራዲዮዎች እየጠለፉ ያነቡት ነበር፤ ማርሻል ባዶሊዮም ጥቃቱ እንደሚመጣ አውቆ ምሽጉን አጠናክሮ ጠበቀ። ያ ሁሉ ወታደር የፈሰሰበትን ቀን ጠላት አስቀድሞ ሰምቶት እንደ ነበር ማሰብ እስከ ዛሬ ያንገበግባል። ስለዚህ ወደ ጎጃም የገባው የነፋስ ስልክ፣ ማለትም ራዲዮ፣ በግልጽ ቃል የሚነጋገር አልነበረም። በሞርስ ፊደል ነጥብና ሰረዝ ሆኖ፣ በምስጢር ቁልፍ ተለውጦ የሚላክ ነበር።

ስለ ዕቃውም እንናገር። በዚያ ዘመን ሩቅ የሚደርስ ራዲዮ በአንድ ሰው እጅ የሚያዝ አልነበረም። መላኪያው ለብቻ፣ መቀበያው ለብቻ፣ አሲድ ያለባቸው ከባድ ባትሪዎች፣ ባትሪ የሚሞላ የቤንዚን ሞተር፣ ቤንዚኑም ራሱ፣ ከዛፍ ዛፍ የሚዘረጋ ሽቦ፤ ይህ ሁሉ በበቅሎ ይጫናል። ክረምት ነው። ወንዙ ሞልቷል፤ ጭቃው ጉልበት ይደርሳል፤ በላይ የጠላት አውሮፕላን ይፈልጋል። ባትሪው ቢገለበጥ አሲዱ ይፈስሳል፤ በቅሎዋ ገደል ብትገባ ካርቱም ዝም ትላለች። ጫኙ ግን በየማታው እያራገፈ፣ በየንጋቱ እየጫነ፣ ዝናብ እንዳይነካው በገዛ ልብሱ እየሸፈነ ደጋውን አወጣው። መኮንኖቹ በመጻሕፍት ስማቸው ተጽፎላቸዋል፤ አዛዥ ከበደም ኋላ የታሪክ ማስታወሻ የሚል መጽሐፍ ጽፈው ያዩትን ትተውልናል። የጫኞቹን ስም ግን ማንም በተርታ አልጻፈውም። ይህ ጸሐፊ የነጻነቱን ዜና በእኩል የተሸከሙት እነርሱ ናቸው ብሎ ያምናል።

ከዚህም በኋላ ተልእኮው ከግሼ ዓባይ ምንጭ አጠገብ በሰከላ ሰፈረ። ከዚያ እስከ ካርቱም ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በመካከሉም ደጋና ቆላ፣ በረሃም አለ። አጭር ሞገድ የሚባለው ግን ተራራውን በመሬት አይሻገረውም። ወደ ሰማይ ወጥቶ፣ ከላይ ካለው የአየር ንብርብር ተንጸባርቆ፣ ሩቅ አገር ይወርዳል። የጮቄ ራስ ከ4000 ሜትር በላይ ቢቆምም ሊከለክለው አልቻለም። እነሆ የዓባይ ውሃ ከምንጩ ተነሥቶ ጎጃምን ሲዞር ከርሞ በብዙ ቀን ካርቱም ሲደርስ፣ ከዚያው ምንጭ አጠገብ የተመታው ፊደል በቅጽበት ደረሰ። ካርቱምም ማን እንደሚዋጋ፣ ማን ጠመንጃ እንደሚሻ፣ የትኛው ምሽግ እንደ ደከመ በቀኑ መስማት ጀመረች።

ሆኖም ራዲዮው ሁሉን አልፈጸመም። ደጃዝማች መንገሻና ደጃዝማች ነጋሽ ተጣልተው ነበርና፣ እነርሱን ለማስማማት ሳንፎርድና አዛዥ ከበደ በሰው ወግ ሽምግልና ተቀመጡ። በእንግሊዞችም ዘንድ እንዲሁ ሆነ። ሜጀር ኦርድ ዊንጌት በ1933 ዓ.ም. ኅዳር 11 ቀን፣ በሚካኤል ዋዜማ፣ በትንሽ አውሮፕላን ሰከላ አካባቢ ወርዶ ከሳንፎርድ ጋር ፊት ለፊት ተማከረ። በነጥብና በሰረዝ የማይጨረስ ነገር ነበረና።

ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም.፣ የቃና ዘገሊላ ዕለት፣ ንጉሠ ነገሥቱ በኦሜድላ ድንበር ገብተው ሰንደቅ ዓላማ ተከሉ። ከዚያም በበለያ ተራራ በኩል ወደ ደጋው ተጓዙ። ለዘመቻው ወደ 15,000 ግመል ተሰልፎ አብዛኛው በመንገድ አለቀ። ዊንጌት ጌዴዎን ብሎ የሰየመው ጦር በቁጥር ከጠላት እጅግ ያንስ ነበር። የሱዳን ወታደሮችና በኬንያ ስደት ከነበሩት ኢትዮጵያውያን የተመለመለው 2ኛ የኢትዮጵያ ሻለቃ ነበሩበት። አርበኛውም ከፊትና ከጎን ይመታል። ጦሩ ትንሽ ሆኖ ተበታትኖ ይሄዳልና፣ አንዱ ክፍል ሌላው የት እንዳለ ማወቁ ከጥይት ባላነሰ ያስፈልገው ነበር። ይህ ግን አልተገኘለትም።

የካቲት 25 ቀን የጣልያኑ ኮሎኔል ናታሌ ቡሬን ለቆ በብዙ ሺህ ጦር ወደ ደምበጫ አፈገፈገ። 2ኛው የኢትዮጵያ ሻለቃ በዚያው መንገድ፣ ከቡሬ ወደ ደምበጫ በሚወስደው፣ በአንድ ወንዝ ዳር ሰፍሮ ነበር። ይህ ሁሉ ሠራዊት በላዩ እንደሚመጣበት የሚያስጠነቅቀው ቃል አልደረሰውም። የካቲት 27 ቀን ሐሙስ ማለዳ ጥቂቶቹ በብዙዎቹ መንገድ ላይ ተገኙ። ኢትዮጵያውያኑ አልሸሹም፤ ቆመው ተዋጉ፤ የጠላትንም ብረት ለበስ መኪና መቱ። ጠላት ግን በብዛቱ ጥሶ አለፈ፤ ሻለቃውም ብዙ ሰው ሞተበት፤ ብዙም ቆሰለበት። የዘመቻውን ታሪክ ሲያነብቡ ብዙዎች ይህን ዕለት በአንድ አንቀጽ ያልፉታል። ይህ ጸሐፊ ግን አያልፈውም። አንድ ሰው የሚሸከመው፣ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ የሚደርስ የመገናኛ ራዲዮ በዚያ ማለዳ በተገኘ ኖሮ፣ በወንዙ ዳር የወደቁት ስንቱ ቤታቸው በገቡ ነበር።

ከዚያም ደብረ ማርቆስ ተያዘች። መጋቢት 28 ቀን 1933 ዓ.ም.፣ የኒቆዲሞስ እሑድ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከተማዋ ገቡ፤ ከጣልያን ጋር የነበሩት ራስ ኃይሉም በዚያ እጃቸውን ሰጡ። በዚያው ቀን የእንግሊዝ ጦር በሌላ አቅጣጫ አዲስ አበባ ገባ። የጣልያን የስልክ ሽቦ ገና ሳይቆረጥ ነበርና፣ ከጌዴዎን ጦር ጋር የነበረ ጣልያንኛ የሚችል ኤድመንድ ስቲቨንስ የሚባል አሜሪካዊ ጋዜጠኛ ስልኩን ይዞ፣ የጣልያን ሰው መስሎ፣ ታላቅ ጦር እየመጣ ነው ብሎ በዓባይ መሻገሪያ ያሉትን አስፈራራቸው። ስንት ዓመት አርበኛውን የጎዳው ሽቦ በመጨረሻ ለአርበኛው ሠራ።

የቀረውን በአጭሩ እንናገር። ሚያዝያ 27 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ገቡ። ከጎጃም ያፈገፈገው የጣልያኑ ኮሎኔል ማራቬንታኖ ጦርም ከዓባይ ማዶ በአጊባር ግንቦት 15 ቀን እጁን ሰጠ።

የሳንፎርድ በቅሎዎች ጭቃ በሚረግጡበት በዚያው ዘመን በአሜሪካ በቺካጎ ከተማ ጋልቪን የሚባል፣ ኋላ ሞቶሮላ የተባለ ኩባንያ፣ በአንድ እጅ የሚያዝ የሚያናግርም የሚያሰማም ራዲዮ ሠራ። ክብደቱ ከ2 ኪሎ ጥቂት ይበልጣል። አንቴናው ሲሳብ ይበራል፤ ሲመለስ ይጠፋል። ለመናገር ቁልፉን ይጫኑታል፤ ለመስማት ይለቁታል። በምድር ላይ የሚደርሰው ወደ 1 ኪሎ ሜትር ተኩል ነው። ጥቂት ቆይቶ ያው ኩባንያ በጀርባ የሚታዘለውን ሠራ፤ ክብደቱ ከ15 ኪሎ በላይ፣ የሚደርሰውም ወደ 5 ኪሎ ሜትር ነው። ዋኪ ቶኪ የሚለው ስም በዓለም የተሰማው ከዚህ በኋላ ነው። ካርቱም አይደርስም፤ ግን ወንዝ ዳር ያለ ሻለቃ ይሰማዋል።

ከደብረ ማርቆስም ነጻነት 10 ዓመት ሲሆን፣ ሚያዝያ 28 ቀን 1943 ዓ.ም.፣ በሻለቃ አዛዡ በሌተና ኮሎኔል ተሾመ እርገቱ የሚመራው፣ ኢትዮጵያ ለኮሪያ ጦርነት የላከችው የቃኘው ሻለቃ በኮሪያ በፑሳን ወደብ ወረደ። በአሜሪካ 7ኛ ክፍለ ጦር በ32ኛው ሬጅመንት ሥር ገባ፤ መሣሪያውንና እንዲህ ያለውን መገናኛም ከአሜሪካኖች ተቀበለ። የኮሪያ ተራራ እንደ ጎጃም ደጋ ገደልና ሸንተረር ነው። የሌሊት ቃኚ ጓድ ከምሽጉ ሲወጣ ራዲዮ ያዢው ከመሪው ጎን ይሄዳል። ጠላት ሲከብበው መድፍ የሚጠራው፣ ቁስለኛ ያለበትን የሚናገረው፣ ከኋላ ያለው ጓድ ወገኑን እንዳይመታ የሚያስጠነቅቀው በዚያ ራዲዮ ነው። የኢትዮጵያ ወታደሮች በ253 ውጊያ ተሰልፈው፣ ከመካከላቸው አንድ እንኳ ሳይማረክ፣ ሐምሌ 20 ቀን 1945 ዓ.ም. የተኩስ ማቆሙ ስምምነት ተፈረመ።